ሃኪንግ ፎር ዲፌንስ በጦር አካዳሚ ክፍል፦ ምን ያስተምራል፣ የት ይሰናከላል?

ለእጩ መኮንኖች ፈጠራን በአዳራሽ ንግግርና በሐሳብ ውድድር ማስተማር ይቻላል። ዋንጫው ይሰጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሐሳቡ ግን መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ሃኪንግ ፎር ዲፌንስ የተባለው ኮርስ ከዚህ የሚለይበት ቁም ነገር ተማሪውን ከወንበሩ አስነስቶ ችግሩ ካለበት ሰው ዘንድ መላኩ ነው።

ኮርሱ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ከቀረጹት መካከል የሥራ ፈጠራ መምህሩ ስቲቭ ብላንክ እና ሁለት ጡረታ የወጡ የአሜሪካ ጦር ኮሎኔሎች፣ ፒት ኒውዌልና ጆ ፌልተር ይገኙበታል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የጦር ክፍል ያስቸገረውን እውነተኛ ጉዳይ ያቀርባል፤ አራት ያህል ተማሪዎች ያሉት ቡድን ይረከበዋል። ቡድኑ ለአስር ሳምንት በየሳምንቱ አስር ያህል ሰው ያነጋግራል። በየሳምንቱም ክፍል ፊት ቆሞ ምን ገምቶ እንደነበር፣ ማንን እንደጠየቀ፣ ምን እንዳገኘና ቀጥሎ ምን እንደሚሞክር ያስረዳል።

ዋናው መሣሪያ ዘጠኝ ሳጥን ያለው ባለ አንድ ገጽ ሰንጠረዥ ነው፤ የተልዕኮ ሞዴል ካንቫስ ይባላል። ነጋዴዎች ከሚሠሩበት ካንቫስ የተወረሰ ቢሆንም አንዳንድ ሳጥኖቹ ለሠራዊት እንዲሆኑ ተቀይረዋል። “ደንበኛ” የነበረው “ተጠቃሚ ወገን” ሆኗል፤ “ገቢ” የነበረው ደግሞ “የተልዕኮ ስኬት”። ለውጡ የስም ብቻ አይደለም። በገበያ የሚገዛውና የሚጠቀመው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። በሠራዊት ግን ዕቃውን የሚሸከመው፣ የሚጠግነው፣ በጀቱን የያዘውና ፊርማውን የሚያኖረው አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ቡድኖች ሳጥኑ ውስጥ “ሠራዊቱ” ብለው ሲጽፉ መምህሩ ወዲያው ሊያስቆማቸው ይገባል። “ሠራዊቱ” ስልክ አያነሳም፤ ማዕረግና የሥራ ድርሻ ያለው ሰው ይጻፍ።

ጥያቄ አጠያየቁን ቀረብ ብለን እንየው። ችግሩ “እግረኛ ጦር የተሻለ ባትሪ ይፈልጋል” ተብሎ ከቀረበ መፍትሔው አስቀድሞ ተወስኗል ማለት ነው። “ለሦስት ቀን ቅኝት የወጣ የሬዲዮ ሠራተኛ ባትሪው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ስለማያውቅ ግማሽ የቀረውን ይጥላል” ቢባል ግን የሚጠየቅ ነገር ተገኘ። እዚህም ላይ “እንዲህ ያለ መሣሪያ ብንሠራ ትጠቀምበታለህ?” ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ “አዎ” ነው። “ባለፈው ቅኝት የመጀመሪያውን ባትሪ የቀየርከው በስንት ሰዓት ነው? የወጣውስ የት ገባ?” ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው ስለ ወደፊቱ ይገምታል፤ ስላለፈው ግን ያስታውሳል።

ኮርሱ እንዳለ ወደ አካዳሚ ሲገባ በመጀመሪያ የሚጣላው ከሰዓት ጋር ነው። እያንዳንዱን ቃለ መጠይቅ ሁለት ሰው፣ ማለትም አንዱ እየጠየቀ ሌላው እየጻፈ፣ ከማስታወሻው ጋር በአንድ ሰዓት ቢጨርሰው፣ አስሩ ሃያ የሰው ሰዓት ይወስዳል። ለአራት ሲካፈል ለአንድ ተማሪ በሳምንት አምስት ሰዓት ይደርሰዋል፤ መንገዱና ቀጠሮ ማስያዙ ሳይቆጠር። ሰልፍ፣ ስፖርትና ጥበቃ ያለበት እጩ መኮንን ይህን በአስር ሳምንት አይችለውም። ወደ አሥራ አምስት ሳምንት ዘርግቶ በሳምንት ሰባት ማድረግ ያስኬዳል፤ ድምሩ ያው መቶ ይሞላል።

ሁለተኛው ማዕረግ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው። ሃምሳ አለቃው ነገ አለቃው ሊሆን ለሚችል ወጣት ጉድለቱን አይዘረዝርም። እጩ መኮንኑም ችግሩን ላቀረበው ኮሎኔል “ችግሩ ይሄ አይደለም” ብሎ ለመናገር ይፈራል። ያለዚያ ቃል ግን ኮርሱ ባዶ ነው። ስለዚህ ችግር አቅራቢው ከመጀመሪያው ቀን በፊት፣ ቡድኑ በማስረጃ ችግሩን ሊቀይረው እንደሚችል በጽሑፍ ይስማማ። ቃለ መጠይቁ ላይም አለቃ አይቀመጥ። አቅራቢው በመካከል ሊዛወር ስለሚችል ከአንድ ክፍል ሁለት ሰው ይያዝ። ምስጢራዊ የሆነ ጉዳይም አይመረጥ፤ በነፃነት የማይወራበት ነገር መቶ ሰው አይጠየቅበትም።

ቡድኑ ያሰበውን መፍትሔ የሚሞክርበት ናሙና ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ይቅረብ፤ ካርቶንና ፕላስተር በቂ ነው። ረጅሙን መንገድ ማየት የሚፈልግ የአሜሪካ አየር ኃይል አካዳሚን ይመልከት። እዚያ እጩ መኮንኖች ፋልኮንሳት የተባሉ ሳተላይቶችን ይሠራሉ። ፋልኮንሳት 2 እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 በስፔስኤክስ ኩባንያ የመጀመሪያ ሮኬት በፓስፊክ ውቅያኖስ ካለችው ኦመሌክ ደሴት ተነስታ፣ ሮኬቱ ሲከሽፍ ተመልሳ የወደቀችው እዚያው ደሴቱ ላይ ባለ ወርክሾፕ ጣሪያ ላይ ነው። ተከታይዋ ፋልኮንሳት 3 በ2007 መጠቀች። እንዲህ ያለው ትምህርት ጥልቅ ቢሆንም የዓመታት ሥራ ነው። የካርቶኑ ናሙና ግን ሲወድቅ የሚያባክነው የአንድ ሳምንት ልፋት ነው።

በስታንፎርድ የመጀመሪያው ክፍል ካለፉት መካከል የራዳር ሳተላይት ኩባንያው ካፔላ ስፔስ ይገኛል። አካዳሚ ግን ራሱን በዚህ መለካት የለበትም፤ የአሜሪካ ምድር ጦር አካዳሚ የሆነው የዌስት ፖይንት ምሩቅ ቢያንስ አምስት ዓመት በመደበኛ ሠራዊት የማገልገል ግዴታ ስላለበት ሲመረቅ ኩባንያ ሊከፍት አይሄድም። መለኪያው ችግሩን ያቀረበው የጦር ክፍል ከስድስት ወር በኋላ ምን እየተጠቀመ እንደሆነ ነው። ለዚህ ሲባል በማጠቃለያው ላይ ከሚቀርበው የሁለት ደቂቃ ቪዲዮና የስምንት ደቂቃ ገለጻ ሌላ፣ የቃለ መጠይቆቹ ማስታወሻ፣ የሁሉም ሳምንት ካንቫስና የወደቁት ናሙናዎች በአንድ ዶሴ ታስረው አንዱ ቅጂ ለክፍሉ፣ ሌላው ለቀጣዩ ዓመት ቡድን ይሰጥ።