አዲስ 34 ፒክት-3 ካርቡራተር በቮልስ ላይ፦ ከዘጠኝ ወር የሀዋሳ ጠዋት በኋላ

ይህን ካርቡራተር የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሱቅ የሚገባው አንድ ችግር ይዞ ነው። ጠዋት ሞተሩ ይነሳል፣ ያስለዋል፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በቀስታ መሥራት) አይይዝም፣ እግር ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲነሳ ይጠፋል። ከአምስትና ከስድስት ደቂቃ በኋላ ግን ምንም እንዳልነበረበት ይሆናል። ጋራዥ ሲወሰድ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ካርቡራተሩ አልቋል፣ ቀይረው።» ዕቃው ዘጠኝ ወር ከሠራ በኋላ የምለው ይህን ነው፦ ካርቡራተሩ ጥሩ ነው፤ የጠዋቱን ሳል ግን ብቻውን አያድንም። የበሽታው ትልቁ ክፍል ከሥሩ ባለው ማኒፎልድ (የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያደርሰው ቱቦ) ውስጥ ነው።

መኪናው የ1972 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ቮልስ ነው፤ 1584 ሲሲ፣ በየቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ሁለት ሁለት የአየር መግቢያ ያለው፣ 12 ቮልት። ካርቡራተሩ በሶሌክስ 34 ፒክት-3 ልክ የተሠራ ቅጂ ነው። ዋናው ጄት (ቤንዚኑን የሚመጥነው ቀዳዳ) 127.5፣ የሚኒሞው ጄት 55 ሆኖ ይመጣል፤ አውቶማቲክ ቾኩም (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየሩን በክዳን የሚያሳንሰው) ሚኒሞ የሚዘጋው ሶሌኖይድም (ቁልፍ ሲጠፋ የሚኒሞውን ቤንዚን የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መዝጊያ) ባለ 12 ቮልት ናቸው። የድሮ ባለ 6 ቮልት መኪና ያለው ሰው እዚህ ላይ ይጠንቀቅ፤ ቾኩም ሶሌኖይዱም አይሠሩለትም።

ከመግጠም በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። የቤንዚን ቱቦ የሚሰካበት ትንሽ የነሐስ አፍ በቪቴ የተያዘ ሳይሆን ተጠቅጥቆ የገባ ነው። በፒንሳ ያዝ አድርጎ ማዞር ነው፤ ከተንቀሳቀሰ አይገጠም። መንገድ ላይ ከወጣ ቤንዚኑ የሚፈሰው ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ነው፤ ብዙ ቮልስ በዚህ ተቃጥሏል። እኔ ጋ የመጣው ጠንካራ ነበር፤ ቢሆንም በቀጭን ሽቦ ከካርቡራተሩ አካል ጋር አስሬዋለሁ። የቤንዚን ፊልትሮም ሞተር ክፍል ውስጥ ባይንጠለጠል ይመረጣል፤ ቦታው ፊት፣ ከታንከሩ ሥር ነው።

ሀዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ በ127.5 ጄት ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል። ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ውስጡ ይጠቁራል። 122.5 ጄት ሲገባ ካንዴላው ቡናማ ሆነ። የሚኒሞውን ጄት ግን 55 ላይ መተው ነው። «ከፍታ ላይ ቤንዚን ስለሚበዛ ቾክ አያስፈልግም» እያሉ የቾኩን ገመድ የሚነቅሉ አሉ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚን የሚያንሰው ካርቡራተሩ አልሰጥ ብሎ ሳይሆን የተሰጠው ስላልተነነለት ነው። ቤንዚኑ የቀዘቀዘው ማኒፎልድ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲሊንደር የሚደርሰው ባዶ አየር ነው ማለት ይቻላል።

የቾኩ አስተካከል ቀላል ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ ሳለ የአየር ፊልትሮውን ማውረድ፣ ነዳጅ መስጫውን አንዴ እስከ ታች ረግጦ መልቀቅ፣ ከዚያ ካርቡራተሩን ከላይ ማየት ነው። ክዳኑ መዘጋት አለበት። ካልተዘጋ ክቡን የቾክ ቤት የያዙትን ሦስት ቪቴዎች አላልቶ ማዞር፤ መነሻው ቤቱ ላይ ያለው ምልክት ከሦስቱ ጭረቶች መካከለኛው ጋር ሲገጥም ነው። ቁልፉ ሲከፈት ቾኩ ኤሌክትሪክ እያገኘ ይሞቃል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም ክዳኑ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ዝግ ሆኖ የሚቀር ከሆነ ከቦቢናው (ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) 15 ቁጥር መሰኪያ የሚመጣውን ገመድ መፈተሽ ነው። ሳይረግጥ ቁልፍ የሚያዞር ሰው ቾኩን ሳይጠቀምበት እንደሚውል ይወቅ፤ ክዳኑ የሚለቀቀው በዚያች አንድ ርግጫ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውስጥ ጠዋት ላይ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ፣ የሐይቁም እርጥበት ሲጨመርበት፣ ካርቡራተሩ ሥር ያለው ቱቦ ያልበዋል። ቤንዚን ሲተን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። አዲሱ ካርቡራተር ከተገጠመ በኋላም ሳሉ አልጠፋም ነበር፤ ሞተሩ አራት ደቂቃ ሠርቶ ቱቦው ሲነካ ከጠርሙስ ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ጠብታው በጣት ይጠረጋል። ይህ ጠብታ ምርመራውን ጨርሶልሃል ማለት ነው። ከማኒፎልዱ በታች ከአንዱ የጭስ ማውጫ ጎን ወደ ሌላው የሚሻገር ቀጭን የማሞቂያ ቱቦ አለ፤ ትኩስ ጭስ በውስጡ አልፎ ማኒፎልዱን ያሞቃል። ሁለቱንም ጫፍ በጥንቃቄ ነክቶ ማየት ነው፤ አንዱ የሚያቃጥል ሆኖ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ መሐሉ በካርቦን ተደፍኗል። ለዓመታት ቤንዚን የበዛበት ሞተር ላይ መደፈኑ አይቀርም፤ እዚህ ከፍታ ላይ በ127.5 ጄት የነዳ ሰው ራሱ ደፍኖታል ማለት ነው።

ማጽዳቱ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማኒፎልዱ ይወርዳል፣ አሮጌ የፍሪሲዮን ገመድ ጫፉ ተበታትኖ በድሪል ይያዛል፣ ከሁለቱም በኩል በቀስታ እየገባ ካርቦኑን ይፈቀፍቃል፣ በመጨረሻ በአየር ይነፋል። ያለቀው ገመዱ በሌላው ጫፍ ሲወጣ ሳይሆን አየሩ ያለ ተቃውሞ ሲያልፍ ነው። ማርሚታው አዲስ ከሆነ ቱቦው የሚገጥምበት ፍላንጅ መበሳቱም ይታይ፤ ቀዳዳው ጠቦ ወይም ጭራሽ ሳይበሳ የሚሸጥ አለ። ጓርኒሲዮኖቹ (በመጋጠሚያዎቹ መካከል የሚገቡት ማሸጊያዎች) አዲስ ይሁኑ። ከዚህ በኋላ ነው ካርቡራተሩ የተገዛበትን ሥራ መሥራት የጀመረው።

ማኒፎልዱ ወርዶ ሳለ መሐሉን ከሁለቱ ጎኖች የሚያገናኙት የጎማ እጅጌዎች ይቀየሩ። ከላይ ደህና መስለው ከሥራቸው ይሰነጠቃሉ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ጎማው ስለሚለጠጥ ስንጥቁ ይዘጋና ጠዋት ብቻ የሚታይ በሽታ ይሆናል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የሳሙና ውኃ በስፕሬይ ሲረጭባቸው ድምፁ ከተለወጠ አየር ያስገባሉ።

ችግሩ በየትኛው የሞተሩ ጎን እንደሆነ ለማወቅ የካንዴላ ገመዶችን በየተራ መንቀል ነው፤ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ እንጂ በባዶ እጅ አይደለም። ሲነቀል ሞተሩ የማይለወጥበት ሲሊንደር ሰነፉ እሱ ነው። 1 እና 2 በቀኝ፣ 3 እና 4 በግራ ናቸው። የአንድ ጎን ሁለቱም ሰነፍ ከሆኑ የዚያ ጎን የጎማ እጅጌ ይጠርጠር። አንድ ብቻ ከሆነ ካንዴላው ወይም ቫልቮላው ነው። አራቱም እኩል ከሆኑ ቾኩ፣ ሚኒሞው ወይም የማሞቂያ ቱቦው ነው። 3 ቁጥር ብቻውን ሰነፍ ሆኖ ከተገኘ አይገርምም፤ እዚህ ሞተር ላይ አብዝቶ የሚግል እሱ ነው፣ የጭስ ማውጫ ቫልቮላው ክፍተት ይጠባል። ትክክለኛው የቫልቮላ ክፍተት በፊለር ጌጅ (ስስ የብረት መለኪያ) 0.15 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለመግቢያውም ለመውጫውም፤ ሌሊቱን ባደረ ሞተር ላይ ብቻ ይለካል። የፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው) ክፍተት 0.4፣ የካንዴላው 0.7 ሚሊ ሜትር።

ይህ ሁሉ ሳይደረግ የሚኒሞ ቪቴ መነካካት ጊዜ ማባከን ነው። ከተደረገ በኋላ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሞተሩ ሞቆ፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ ነዳጅ መስጫው ክንድ ላይ ያለው ቪቴ እስከማይነካ ድረስ ይላላል፤ ከዚያ እስኪነካ ይጠበቅና ሩብ ዙር ይጨመርበታል። ከዚህ በኋላ እሱ አይነካም። በጎኑ ካሉት ሁለት ቪቴዎች ትንሹ በቀስታ እስከ ጥግ ገብቶ ሁለት ዙር ተኩል ይወጣል። በትልቁ ሚኒሞው በደቂቃ 850 ዙር ይደረጋል። እንደገና ትንሹን እያወጡ ሞተሩ ከሁሉ የሚፈጥንበትን ማግኘት፣ ከዚያ ሃያና ሠላሳ ዙር እስኪቀንስ መመለስ፣ በትልቁ ወደ 850 ማምጣት። ብዙ ሜካኒክ ሚኒሞ የሚያስተካክለው በክንዱ ቪቴ ነው፤ የነዳጅ መዝጊያውን (ነዳጅ መስጫው ሲረገጥ የሚከፈተውን ክዳን) ከቦታው ስለሚያነሳው ከሚኒሞ ወደ ፍጥነት የምታሸጋግረው ትንሿ ቀዳዳ ያለጊዜዋ ትከፈታለች፣ ሲረገጥም መኪናው ያመነታል።

ዲስትሪቢዩተሩ ቫኩም (በሞተሩ የአየር መሳብ የብልጭታውን ጊዜ የሚያስቀድም ክፍል) የሌለው፣ 009 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ማመንታቱ ጨርሶ አይጠፋም። ይህ የካርቡራተሩ ጥፋት አይደለም፤ 34 ፒክት-3 የተሠራው ቫኩም ላለው ዲስትሪቢዩተር ነው።

በዘጠኝ ወር የታዩበት ጉድለቶች ብዙ አይደሉም። በሁለተኛው ወር የላይኛው ክዳን አምስት ቪቴዎች ላልተው ነበር፤ ካርቡራተሩን ከማኒፎልዱ ጋር የያዙት ሁለቱ ባለ 13 ዳዶዎችም እንዲሁ። አጥብቆ ማሰር ፍላንጁን ያጣምማል፤ በየወሩ መፈተሽ ይሻላል። በስድስተኛው ወር የካርቡራተሩ የማፍጠኛ ፖምፓ ሜምብራን (ሲረገጥ ቤንዚን የሚገፋው ስስ ላስቲክ) ከሥሩ ማርጠብ ጀመረ፤ ለአዲስ ዕቃ ቶሎ ነው። የሚኒሞው ጄት ሁለት ጊዜ ተደፍኗል፣ ምክንያቱ ግን የአሮጌው ታንከር ዝገት ነው፤ ሲደፈን ሞተሩ በፍጥነት ይሠራል፣ እግር ሲነሳ ይጠፋል። በአየር ይነፋ እንጂ ሽቦ አይግባበት። የነዳጅ መዝጊያው ዘንግ እስካሁን አልላላም፤ አሮጌው ካርቡራተር የተጣለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ስለዚህ አዲስ አበባ፣ የመለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ድረስ ከመሄድ በፊት የአሮጌውን ካርቡራተር ዘንግ በጣት ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች ማወዛወዝ ነው። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አየር በዚያ ይገባል፣ መግዛት ያዋጣል። ካልተንቀጠቀጠ ገንዘቡ ለሁለት የጎማ እጅጌ፣ ለጓርኒሲዮንና ለ122.5 ጄት ይበቃል፤ የፍሪሲዮን ገመዱን ማንኛውም ጋራዥ ከጣላቸው ዕቃዎች ውስጥ በነፃ ይሰጣል።