የአገሬው ፖሊስ ወይስ የራስ ፖሊስ? የጀርመኖች ስሌት በፈረንሳይ

ከ1940 እስከ 1944 ድረስ በተያዘችው ፓሪስ ሁለት ፖሊስ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር፤ የፈረንሳዩና የጀርመኑ። ወራሪው የቱን ቢያሰማራ ይሻለው ነበር?

የሰው ኃይል፦ ጀርመኖቹ በመላ ፈረንሳይ የነበራቸው ፖሊስ ጥቂት ሺህ ነው። ፈረንሳዮቹ ወደ 100 ሺህ ይጠጋሉ። ውድድር የለም።

ቅለት፦ የፈረንሳዩ ፖሊስ ሰፈሩን ያውቃል፤ የአይሁዶች መዝገብም በእጁ ነው። ጁላይ 16 እና 17፣ 1942 ከ13,000 በላይ አይሁዶችን ከየቤታቸው ያፈሰው እሱ ነው። ከ4,000 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። «ታዘን ነው» የሚለው ሰበብ ለኔ አይዋጥልኝም። የጀርመኑ ፖሊስ ብቻውን ይህን ማድረግ አይችልም ነበር።

ዋጋ፦ ትብብሩ በነፃ አልመጣም። ከጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ መንግሥት፣ የቪሺ መንግሥት፣ የፖሊስ ኃላፊ ሬኔ ቡስኬ ከኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ድርጅት) ጄኔራሉ ካርል ኦበርግ ጋር ተደራድሮ ለፈረንሳዩ ፖሊስ የተወሰነ ነፃነት አስገኘ። ጀርመኖቹም ቢሆኑ እርስ በርስ ይሻኮቱ ነበር። ኦበርግ በ1942 እስኪመጣ ድረስ የፖሊስ ሥልጣኑ በጀርመን ጦር እጅ ነበር።

አደጋ፦ የአገሬው ፖሊስ ነፋሱ ሲዞር አብሮ ይዞራል። ኦገስት 1944 የፓሪስ ፖሊሶች ሥራ አቆሙ፤ ወዲያው ዋና መምሪያቸውን ይዘው ጀርመኖቹ ላይ ተኮሱ።

ስለዚህ ለጅምላ አፈሳና ለዕለት ተዕለት ጥበቃ ፈረንሳዩ ይመረጥ ነበር። ምስጢር ለሚጠይቀው የአርበኞች አደን ደግሞ ጌስታፖ፣ የጀርመኑ ምስጢራዊ ፖሊስ። ሁለቱም ሳይበቁ ሲቀሩ ከ1943 ጀምሮ በጆሴፍ ዳርናን የሚመራው የቪሺ ታጣቂ ቡድን፣ ሚሊሻው፣ ተጨመረ።