ጦሳ ላይ ይዣት የወጣሁት ቴሌስኮፕ

ደሴ የገዛኋት ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ናት። መስታወቷ ጥሩ ነው። እግሯ ግን ቀጭን ነው፤ የጦሳ ተራራ ንፋስ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች። ድንጋይ በፌስታል አድርጌ ሥሯ ሳንጠለጥል አደብ ገዛች።

እኔ የጓጓሁት 51 ፔጋሲን ለማየት ነበር። 50 የብርሃን ዓመት ገደማ የምትርቅ ኮከብ ናት። እ.ኤ.አ. በ1995 የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ ኮከቧ ወዲህ ወዲያ ስትል ለክተው፣ ተጠግቷት በ4.2 ቀን የሚዞራትን ግዙፍ ፕላኔት አገኙ። ሻጩ «አብሽሪ፣ ሁሉንም ታሳይሻለች» ብሎኝ ነበር። ፕላኔቱን አታሳይም። የኮከቧን ነጥብ ግን አየኋት፤ ልቤ ቀጥ አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጋቢዬ ውስጥ ሆና «አክስቴ፣ እዚያማ በየአራት ቀኑ እንቁጣጣሽ ነው!» አለችኝ።

ለጀማሪ ግዙ እላለሁ። እግሯን ግን እዚያው ሱቁ ውስጥ ዘርግታችሁ ሞክሩት።