ዲፖዚት ለማስመለስ፦ ስሞል ክሌምስ ወይስ መደበኛው ፍርድ ቤት?

ሎስ አንጀለስ ነህ እንበል። ቤቱን አጽድተህ ቁልፉን አስረከብክ። አከራዩ ግን 2,000 ዶላር ዲፖዚትህን (ስትገባ ያስያዝከውን ገንዘብ) ይዞ ዝም አለ። የካሊፎርኒያ ሕግ በ21 ቀን ውስጥ እንዲመልስ፣ ከቀነሰም ለምን እንደቀነሰ ዘርዝሮ እንዲሰጥህ ያስገድደዋል። ይህ የስቴት ሕግ ስለሆነ ክሱም የሚቀርበው ለስቴቱ ፍርድ ቤት ነው።

ወጪ፦ ስሞል ክሌምስ (አነስተኛ የገንዘብ ክሶች የሚታዩበት ችሎት) ክስ ለመክፈት ከ30 እስከ 75 ዶላር ያስከፍላል። መደበኛው ከ200 ዶላር ያልፋል፤ የጠበቃው ሳይቆጠር።

ጣጣ፦ ስሞል ክሌምስ ችሎት ላይ ጠበቃ አይቆምልህም፤ ለአከራዩም እንደዚያው። የግድግዳውን ፎቶ፣ ውሉንና ቴክስቶቹን ይዘህ ራስህ ታስረዳለህ። አማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግክ ቀድመህ ጠይቅ። መደበኛው ወራት ይፈጃል።

ስጋት፦ እዚህ ጋ ቆም በል። ስሞል ክሌምስ ከስሰህ ከተረታህ ይግባኝ የለህም። ተከሳሹ ግን አለው። በመደበኛው ሁለታችሁም ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ።

ለዲፖዚት ስሞል ክሌምስን እመርጣለሁ። አከራዩ ሆን ብሎ እንደያዘብህ ዳኛው ካመነ ከዲፖዚቱ በላይ እስከ እጥፉ፣ ማለትም እስከ 4,000 ዶላር፣ ሊጨምርልህ ይችላል፤ ያም ሆኖ ድምሩ 6,000 ዶላር ነው፣ ስሞል ክሌምስ ከሚፈቅደው የ12,500 ዶላር ጣሪያ በታች። ጉዳትህ ከዚያ ካለፈ ወይም ነገሩ ከተወሳሰበ ጠበቃ ይዘህ ወደ መደበኛው ሂድ።