ወላድ በድባብ ትሂድ! ኩከሬን ለሠራልኝ ልጅ

ሰላም የደብረ ብርሃን ልጆች፣ የጫጫ፣ የደብረ ሲና፣ የመንዝ ሰዎችም። ይሄን ምስጋና ከፋሲካ ጀምሮ ልጽፍ ስል ነው የከረምኩት። ዛሬ ይውጣልኝ።

ነገሩ የፕሬሸር ኩከር ነው፣ እንፋሎት አፍኖ ቶሎ የሚያበስለው ድስት። እህቴ ከአራት ዓመት በፊት ከቤይሩት የላከችልኝ። እሷ እዚያ ሰው ቤት ስትሠራ ሽሪምፑንም፣ ዛጎል ያለውን የባህር ምግብም በእንዲህ ዓይነት ድስት ነበር የምታበስለው። "ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ካለፈ እንደ ጎማ ይሆናል" ትለኝ ነበር በስልክ። እኛ ቤት እሱ አይበላም። እኔ ባቄላና ሽምብራ ነው የምቀቅልበት። እማዬ ጥርስ የላትም፣ ንፍሮ ደግሞ ነፍሷ ነው። በተራ ድስት የኛ አገር ባቄላ ከሰል ይጨርሳል እንጂ መች ይበስላል!

ዓምና በክዳኑ ዳር እንፋሎት ማምለጥ ጀመረ። ፊሽካውም ዝም አለ። መከራዬ ከዚህ ይጀምራል። አንዱ ጋ ወሰድኩት፣ "ነገ ነይ" እያለ ሦስት ሳምንት አመላልሶኝ ሳይነካው መለሰልኝ። ሌላው "ይሄማ አልቆለታል፣ ጣይውና አዲስ ልሽጥልሽ" አለኝ። የእህቴን ላብ ጣይው! ሦስተኛው ብሬን ተቀብሎ "እንደ አዲስ አድርጌልሻለሁ" አለ። እውነትም እንፋሎቱ ቆመ።

ከዚያ አንድ ቀን ሽምብራ ጥጄ ጓሮ ወጣሁ። ቤቱ ጥይት የተተኮሰበት ነው የመሰለው። የክዳኑ ጎማ በጎን ፈንድቶ ወጥቷል፣ ሽምብራው ጣሪያው ላይ ተለጥፏል። እማዬ እሳቱ ዳር ካለው በርጩማዋ ከተነሳች አምስት ደቂቃ አልሆናትም። እዚያ ተቀምጣ ቢሆንስ? ይሄን ሳስብ አሁንም ሆዴ ይንቦጫቦጫል። ለዚያ ሰው ግን ልቦና ይስጠው ከማለት ሌላ ምን እላለሁ።

ኩከሩን አልጋ ስር ወሽቄ ተውኩት። ሕማማት ሲገባ እማዬ "ዘንድሮ ጉልባን የለም በይኛ?" አለች። ጸሎተ ሐሙስ ያለ ጉልባን! የጎረቤቴ ልጅ "እስቲ አንድ ልጅ አለ፣ ለሱ አሳዪው" ብላ አቅጣጫውን ነገረችኝ። ረቡዕ ጠዋት ሄድኩ።

ሱቁ ጠባብ ነው፣ ምጣዱና ምድጃው እስከ ጣሪያ ተደራርቧል። ልጁ ክዳኑን ተቀበለኝና ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። ከዚያ አፉን ቀዳዳው ላይ አድርጎ እፍ አለበት። አያልፍም። ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ቀስ እያለ ጎተተ። የደረቀ የሽምብራ ገለፈት ወጣ! ያ ሁሉ ባለሙያ ይሄን አላየም። ቀጥሎ ጣቱን አጠገቡ ያለች ትንሽ ነገር ላይ አሳረፈና ጸጥ አለ።

"እትዬ፣ ይቺን ማን ነው በማጣበቂያ የደፈናት?"

"ምንድን ናት?"

"መትረፊያሽ ናት እኮ። ዋናው ቢዘጋ በዚህ ነው የሚተነፍሰው።"

ከዚያ ምን ፈትቶ ምን እንደቀየረ አልነግራችሁም፣ አልገባኝም። የማልረሳው የቀጠለውን ነው። ውሃ ብቻ ጨምሮ እሳት ላይ ጣደው። እኔ ሳላውቀው ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። አየኝ። አልሳቀብኝም። በርጩማ አንስቶ ደጃፉ ላይ አስቀመጠልኝና "እዚያው ሆነሽ እዪ፣ እኔ አጠገቡ ነኝ" አለኝ። ፊሽካው ሲጮኽ እሳቱን ቀነሰ፣ ቆይቶ አጠፋው። ሌላ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀው እንኳ አላጣደፈኝም። "ይቺ ፒን እስክትወርድ ክዳኑን እንዳትነኪ። ወረደች፣ አየሽ? በይ አሁን ራስሽ ክፈቺው።" እጄ እየተንቀጠቀጠ ከፈትኩት። ምንም አልሆነም። እዚያው እንባዬ መጣ።

ባቄላ ስቀቅል ከግማሽ በላይ እንዳልሞላም ነገረኝ፣ አረፋው ቀዳዳውን ይዘጋዋል አለ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ባህር ዳርቻ ላይ 100 ነው። ኩከሩ ግን እንፋሎቱን አፍኖ ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ለካ ባቄላው ምንም አላጠፋም! እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ባቄላውን ስትወቅስ ኖራለች።

የዕቃውን ብቻ ተቀበለኝ። የእጁን ተቀበለኝ ብለው ብሠራው እምቢ አለ። "ጉልባኑን ታቀምሺኛለሽ" አለኝ፣ በቃ። ሐሙስ ማታ ስንዴውም የባቄላ ክኩም እንደ ቅቤ ሆኖ ወጣ፣ እማዬ በድዷ ፈጭታ ሁለቴ አስጨመረች። ለሱም በሳህን ላኩለት። ሕማማት ስለነበር ግን ጨብጬ እንኳ አላመሰገንኩትም፣ እሱ ነው እስከዛሬ ሲቆጨኝ የነበረው።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። የወለደችህ እናት በድባብ ትሂድ። እማዬም በየጸሎቷ ታነሳሃለች።

እናንተም እባካችሁ፣ ኩከር፣ ምጣድ፣ ምድጃ የተበላሸባችሁ ለሱ አሳዩት። ሌላ ቦታ ያሠራችሁትም ካላችሁ ያቺ ትንሽ መተንፈሻ እንዳልተደፈነች እንዲያይላችሁ ውሰዱለት። ስሙን እዚህ እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጻፍኩም። በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ሱቁን አሳያችኋለሁ። ጾም ሲገባ ሰው ይበዛበታልና ቀደም በሉ።