ልጆቻችንን እንግሊዝኛ ለሚያስጠኑልን መምህርት፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ በዲ.ሲ.፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ወላጆች። በሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች የሚያስጠኑ አንዲት ሐበሻ የኢሶል (የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ላልሆነ ተማሪዎች የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) መምህርት አሉ። ስማቸው እንዳይነሳ ስለጠየቁ መምህርታችን እያልን እንቀጥላለን። ከእኛ ግማሾቻችን ወላጆች ነን፤ ግማሾቻችን በትምህርት ቤት በረዳትነት እንሠራለን። ስለዚህ «ጎበዝ ናቸው» ብለን ብቻ አናልፍም፤ ምን እንደሚያደርጉ እንናገራለን።

አዲስ የመጣ ልጅ ብዙ ጊዜ ክሮምቡክ (የትምህርት ቤት ትንሽ ላፕቶፕ) ይሰጠውና ጉግል ትርጉም ይከፈትለታል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አማርኛ ሲያነብ ይውላል። አይረብሽም፣ ሥራውንም ያስረክባል፤ እንግሊዝኛው ግን ንቅንቅ አይልም። መምህርታችን ዘንድ ትርጉም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ሥዕል፣ ቀጥሎ ድምፅ፣ ቀጥሎ የልጁ የራሱ አፍ፤ ያኔም ያልገባው ቃል ካለ ይተረጎምለታል።

ለአንድ ጥናት ከ80 እስከ 100 ቃል ያላት አንቀጽ ይበቃቸዋል። የሚመርጧት ልጁ በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ከሚማረው ሳይንስ ወይም ታሪክ ነው። ከውስጧ 6 ወይም 8 ቃል አውጥተው በሥዕል ያስተዋውቁታል። ከዚያ አንቀጿን በኢመርሲቭ ሪደር ይከፍቷታል፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ የማይክሮሶፍት ነጻ መሣሪያ ነው፣ ዎርድና ኤጅ ላይ አለ። የንባቡን ፍጥነት ዝቅ ያደርጋሉ፣ ረጃጅም ቃላትን በክፍለ ቃል ይለያያሉ፣ ከ3 መስመር በቀር ሌላው እንዲደበዝዝ ያደርጋሉ። ልጁ አንዴ ያዳምጣል። ሁለተኛ ከማሽኑ ጋር አብሮ ያነባል። ሦስተኛ ማሽኑን ዘግቶ ብቻውን እያነበበ ድምፁን ይቀዳል። የቀዳውን ራሱ ሰምቶ አንድ ስህተት ያርማል፤ አንድ ብቻ። አምስቱ በአንዴ የተነገረው ልጅ ማይክሮፎኑን ዳግም መንካት አይፈልግም።

ልጁ ሲናገር ማሽኑ እየሰማ በሚጽፍበት በድምፅ መጻፊያው ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ምላስ በጥርሶች መካከል ወጥቶ የሚፈጠረው ድምፅ አማርኛ ውስጥ ስለሌለ፣ ልጁ «ሦስት» ለማለት በእንግሊዝኛ «ትሪ» ካለ ማሽኑ «ዛፍ» የሚለውን ቃል ይጽፍበታል። ልጁ የተናደደው በማሽኑ ይሁን በራሱ አይለይም። መምህርታችን የስልካቸውን የፊት ካሜራ ከፍተው የራሱን ምላስ ያሳዩታል፤ ጫፉ ከጥርሱ ትንሽ ብቅ ማለቱን እያየ ደጋግሞ ይሞክራል። እንዲህ ሲሆን የማሽኑ ስህተት ራሱ መለማመጃ ይሆንለታል።

በሒሳብ ላይ የሚሠሩትን ግን በተለይ ልናመሰግን ይገባል። አንዱ የእንግሊዝኛ ቃል ሁለት ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል፣ ቃል ነጥሎ ለተርጓሚ ማሽን የሰጠ ልጅ «ሰንጠረዡን ተመልከት» መባል ሲገባው «ጠረጴዛውን ተመልከት» ሊባል ይችላል። ብዜት «ምርት» ይሆንበታል፣ ጎዶሎ ቁጥር «እንግዳ ቁጥር»፣ አማካይ «ማለት»። ልጁ ሒሳቡን ይችላል፤ ጥያቄው ግን ተበላሽቶበታል። ስለዚህ ለየክፍሉ አንዳንድ ገጽ አዘጋጅተዋል፦ የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቁጥር የተሠራ ምሳሌ፣ አገር ቤት መማሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው የአማርኛ ስያሜ። ገጿ ደብተሩ ላይ ትለጠፋለች።

ደግሞም የአማርኛ ጽሑፍ ለሁሉም ልጅ አይሆንም። አገር ቤት 5ኛ ክፍል ጨርሶ የመጣ ፊደል ያነባል። በ4 ዓመቱ የመጣው ግን አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም፤ ትርጉሙ ስክሪኑ ላይ ቢሞላ ለእሱ ያው ነው። ለእንዲህ ያለው ልጅ የተመረጡትን ቃላት ትርጉም እናት ወይም አባት በስልክ ድምፃቸውን ቀድተው እንዲልኩ ያደርጋሉ። መዝገብ ላይ «አማርኛ» ተብሎ፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ የሆነም አለ። መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ሲናገር ስክሪኑ ላይ ከስር የሚጻፈውን ካፕሽን በእንግሊዝኛ እንዲተዉት ይመክራሉ። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ በቀጥታ የሚተረጎመው ዓረፍተ ነገር ንግግሩ እስኪያልቅ እየተገለባበጠ ልጁን ያደናግረዋል።

እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች ትምህርት ቤት የሚሰጠው የቋንቋ መመዘኛ፣ የአክሰስ ፈተና፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ባለው ጊዜ ይሰጣል፤ ማዳመጥ፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍን ይለካል፤ ውጤቱም ከ1 እስከ 6 ነው። የመናገሩ ክፍል በኮምፒውተር ሲሰጥ አራሚው ሌላ ቦታ ሆኖ የሚሰማው የልጁን ቅጂ ነው። አንሾካሹኮ የተናገረ ወይም ማይኩ ከአፉ የራቀበት ልጅ የሚችለውን ያህል ነጥብ ላያገኝ ይችላል። መምህርታችን ከፈተናው ሳምንታት ቀድመው ባለገመድ ሄድፎን አስደርገው፣ ማይኩ ከከንፈሩ ሁለት ጣት ያህል ርቆ፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ መናገርን ያስለምዱታል።

ለጽሕፈት ሥራ የመጀመሪያው ረቂቅ ያለ ምንም እርዳታ ይጻፋል፤ አራሚ ሶፍትዌር የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ማሽን ያስዋበው ጽሑፍ የልጁን ደረጃ ከመምህሩ ይሸፍናል። በትምህርት ቤቱ ክሮምቡክ ላይ አዲስ ነገር ለመጫን ግን አትድከሙ፤ አብዛኛው ተቆልፏል፣ የሚከፍተው ትምህርት ቤቱ ነው።

ለወላጅም ይተርፋሉ። ከትምህርት ቤት በማሽን ተተርጉሞ የሚመጣ መልእክት እናትን «አንተ» ሊላት፣ የስብሰባውንም ጉዳይ ሊያዛባ ይችላል። ለከባድ ጉዳይ በነጻ አስተርጓሚ የማግኘት መብት እንዳላችሁ፣ ቀድማችሁም እንድትጠይቁ ያሳስባሉ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት።

መምህርታችን፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ክበሩልን።

በአንድ ጊዜ ከ4 ልጅ በላይ አይቀበሉም፤ ቶሎ ጠይቁ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ስትሄዱ የልጁን የመጨረሻ የአክሰስ ውጤት ወረቀት፣ የትምህርት ቤቱን ክሮምቡክ ከነቻርጀሩ፣ ማይክ ያለው ሄድፎንና በዚያ ሳምንት የሚማርበትን ደብተር ያዙ።