ባለ ግድቡ ወይስ ቀጥተኛው? ዲያፍራም ቫልቭ ለምትገዙ

«የትኛውን ልግዛ?» የሚሉኝ ወዳጆች በዝተዋል። ሁሉም የሚነግሩኝ የቫልቩን ዋጋ ነው፤ ውስጡ ሆኖ ፈሳሹን ተጭኖ ስለሚዘጋው ጎማ (ዲያፍራም የሚባለው እሱ ነው) የሚያነሳ የለም። እኔም እንደዚሁ ገዝቼ እጄን ስለተቃጠልኩ አልፈርድባቸውም።

ከወዲሁ ልናገር፦ እኔ የባለ ግድቡ ወገን ነኝ። ሆዱ ውስጥ ከፍ ያለች ግድብ ስላለች ጎማው ለመዝጋት የሚወርደው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይደክምም፣ ፊቱን ቴፍሎን ማልበስም ይቻላል። ግድብ የሌለው የቀጥተኛው ጎማ ግን እስከ ወለሉ ድረስ መለጠጥ አለበት፤ ይህን ቴፍሎን አይችለውም። ዝቃጭ ወይም ደለል የበዛበት ፈሳሽ ከሆነ ቀጥተኛውን ውሰዱ፤ እዚያ ላይ አልከራከርም።

አሁን ወደ ዋጋው። ለኮስቲክ (ኮስቲክ ሶዳ) መስመር አንድ ኦርጅናልና አንድ ኮፒ ገዛሁ፤ ኮፒው በግማሽ ዋጋ ነበር። ያተረፍኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ኦርጅናሉ ሳይነካ የኮፒው ጎማ ሦስት ጊዜ ተቀየረ። ሦስት ጎማ፣ ሦስት ጊዜ መስመር ማቆም፣ ሦስት ጊዜ ማጠብ፣ የሠራተኛው ሰዓት ሲጨመርበት፤ እስቲ ደምሩት።

የመጨረሻው ብልሽት አይረሳኝም። ቫልቩ ፓምፑ በሚስብበት በኩል ነው ያለው። መዞሪያው እስከ ጥግ ተከፍቷል፣ ፓምፑ ግን ባዶውን ይጮኻል። ማጣሪያውን ፈታን፣ ፓምፑን ፈታን፣ ምንም የለም። የቫልቩን የላይ ክዳን፣ ቦኔቱን፣ ስናነሳ ጎማው ግድቡ ላይ ተለጥፎ ተኝቷል፤ ጎማውን ከመዞሪያው ጋር የሚያያይዘው፣ ውስጡ ተቀብሮ የነበረው ብሎን ተነቅሎ ለብቻው ከላይ ተንጠልጥሏል። ፓምፑ በሳበ ቁጥር ጎማውን ወደ ታች እየጎተተ ይዘጋዋል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ጎማ ስገዛ ብሎኑን ይዤ እወዘውዘዋለሁ። ጠርዙ ላይ የጎማው ዓይነትና የተመረተበት ጊዜ ካልታተመ እመልሰዋለሁ፤ ጎማ መደርደሪያ ላይም ያረጃል።

የጎማውን ዓይነት በተመለከተ፦ ለኮስቲክና ለሙቅ ውሃ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ይበቃል፤ ዘይት ከነካው ግን አብጦ ይበላሻል፣ ለዘይት ኤንቢአር የሚባለው ጎማ ይሻላል። ለጠንካራ አሲድ ፊቱ ቴፍሎን፣ ጀርባው ኢፒዲኤም የሆነውን ውሰዱ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ቴፍሎን ሲጨመቅ ቀስ እያለ ስለሚሸሽ ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ መስመሩ ቀዝቅዞ፣ ግፊቱ ወርዶ፣ የቦኔቱን ብሎኖች በመስቀለኛ ደግማችሁ አጥብቁ። መዞሪያውን ግን በቱቦ እያስረዘማችሁ አትጠምዝዙት፤ ጎማውን የሚቆርጠው እሱ ነው።

ሱቅ ስትገቡ ከቫልቩ በፊት የትርፍ ጎማውን ዋጋ ጠይቁ። ሻጩ «ጎማ ለብቻው የለም፣ ሙሉውን ነው የምትገዙት» ካላችሁ፣ ምንም ያህል ቢረክስ ትታችሁት ውጡ።